ሰባት ቁጥር አውቶብስ ሕንፃ የሆነበት ስብሰባ

የመሬት አጠቃቀም፣ የመኪና ማቆሚያና የሕዝብ ትራንስፖርት ዕቅድ አቀናጅ ኮሚቴ
41ኛ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከወሩ በ12ኛው ቀን
ቦታ፦ የማዘጋጃ ቤቱ አንደኛ ፎቅ አዳራሽ፣ መስኮቱ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ የሚያይ
የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 3፡50 (ምክንያቱ በተራ ቁጥር 1 ተገልጿል)

የተገኙ አባላት፦
ሀ. ሰብሳቢው
ለ. የመሬት አጠቃቀም ኃላፊዋ፣ ከካርታቸውና ከባለቀለም እርሳሶቻቸው ጋር
ሐ. የመኪና ማቆሚያ ኃላፊው፤ ቀድሞ ትራፊክ ፖሊስ ስለነበሩ ፊሽካቸው ዛሬም ከአንገታቸው አልወረደም
መ. የሕዝብ ትራንስፖርት ዕቅድ ኃላፊው
ሠ. የነዋሪዎች ተወካይ፣ በሙያቸው ልብስ ሰፊ
ጸሐፊ፦ ከመዝገብ ቤት በውሰት የመጣ፣ ድምፅ የሌለው

ምልዓተ ጉባኤ፦ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ አምስት ሰው ተገኝቷል። አንድ ሰው ብድግ ብሎ ቢወጣ ጉባኤው ስለሚፈርስ፣ አጀንዳ ተከፍቶ ሳለ ማንም አባል ከአዳራሹ እንዳይወጣ በ6ኛው ስብሰባ የተወሰነው ውሳኔ ለአባላቱ ተነብቧል። የትራንስፖርት ኃላፊው ይህን እንደሰሙ ሊጠጡት ያነሡትን ውሃ መልሰው አስቀምጠዋል።

በዚያው በ6ኛው ስብሰባ፣ በስም መቆጣጠሪያው ላይ የፈረመ ሰው ሁሉ ለዕለቱ አባል ሆኖ እንዲቆጠርም ተወስኖ ነበር። ይህ የተወሰነው ሰው ባልሞላ ቀን የበሩን ጥበቃ ጠርቶ ለማስፈረም ነው። ጥበቃው እስካሁን ሰባት ጊዜ ፈርመው ሰባት ጊዜ ድምፅ ሰጥተዋል፤ ሰባቱንም ጊዜ ተቃውመዋል።

1. ስለ መዘግየቱ

ሰብሳቢው ዘወትር መኪናቸውን የሚያቆሙት ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ከቀድሞው የአውቶብስ ፌርማታ ጣሪያ ሥር ነው። ፌርማታው ቢነሣም ጣሪያው አልተነሣም፤ ጥሩ ጥላ አለው። ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ኃላፊው ቀድመው ገብተውበታል። ሰብሳቢው ሰፈሩን አራት ጊዜ ከዞሩ በኋላ መኪናቸውን መሐል መንገድ ላይ ትተው ወጥተዋል። ለአምስት ደቂቃ ብቻ መሆኑ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀው ተመዝግቦላቸዋል።

ሰብሳቢው በዚህ ኮሚቴ ውስጥ የሥራ ባልደረባን ጥላ መንጠቅ ነውር መሆኑን አሳስበዋል። የመኪና ማቆሚያ ኃላፊው ጥላው የመንግሥት መሆኑን፣ ፀሐዩም የመንግሥት መሆኑን፣ ቀድሞ የደረሰ ሰው ግን የራሱ መሆኑን ገልጸዋል። ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አልፈዋል፤ ፊታቸው ግን አላለፈም።

2. የነዋሪዎች ተወካይ አቤቱታ

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ይህ ፌርማታ የተነሣው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ኮሚቴ 1ኛ ስብሰባ፣ «ሦስቱ ክፍሎች ተቀናጅተው እስኪጨርሱ ድረስ» በሚል ውሳኔ ነው። ቅንጅቱ እነሆ በ41ኛ ስብሰባው ላይ ይገኛል።

ልብስ ሰፊዋ ቃላቸው እንዳለ እንዲመዘገብ ስለጠየቁ እንዳለ ተመዝግቧል፦

«ባለቤቴ አናጢ ነው። ከመሰላል ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እዚህ ጤና ጣቢያ እግሩን ያሠራል። ሰባት ቁጥር በሩ ላይ ያልፋል፣ ግን አይቆምም። ሰውዬው የሚያክመውን ሐኪም በመስኮት ሰላም ብሎት ያልፍና ዳገቱ ጫፍ ላይ ይወርዳል። ከዚያ በክራንች ቁልቁል እየተንገዳገደ ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት ወድቆብኛል። ዛሬ ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለው፣ ‹ሁለተኛ አልሄድም፣ በቃኝ› ብሎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። እኔ እንግዲህ ቆንጆ ንግግር አላውቅም፤ ፌርማታችንን መልሱልን።»

ኮሚቴው በጥሞና አዳምጧል። የትራንስፖርት ኃላፊው በጣም እንዳዘኑ ገልጸው፣ ሐዘናቸው ግን በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ አለመካተቱን አስታውሰዋል። ልብስ ሰፊዋ ኃላፊው ለመጨረሻ ጊዜ አውቶብስ የተሳፈሩት መቼ እንደሆነ ጠይቀዋል። ኃላፊው በሥራ ዘመናቸው ተሳፍረው እንደማያውቁና አውቶብስ መሳፈር ገለልተኛነታቸውን እንደሚያጎድልባቸው መልሰዋል።

ከዚያ በኋላ ሦስቱ ኃላፊዎች የየክፍላቸውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋል። በመሬት ኃላፊዋ ካርታ ፌርማታው የነበረበት ቦታ በአረንጓዴ እርሳስ ተቀልሞ «የወደፊት መናፈሻ» ይላል። በመኪና ማቆሚያ ኃላፊው ካርታ «ጊዜያዊ ማቆሚያ» ይላል። በትራንስፖርት ኃላፊው ካርታ መንገዱ የተሣለው ወረቀቱ የሚታጠፍበት ላይ ስለሆነ ከብዛት መታጠፍ ተልጦ የለም። ሦስቱ ካርታዎች ተነባብረው ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያዙ ጤና ጣቢያው ሦስት ቦታ ተገኝቷል። የመሬት ኃላፊዋ ይህ ለከተማው የጤና አገልግሎት ትልቅ እመርታ መሆኑን ጠቅሰው ኮሚቴውን እንኳን ደስ አላችሁ ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ፌርማታው ይመለስ አይመለስ የሚለው የሚወሰንበትን ቀን የሚወስን ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወስኗል። ልብስ ሰፊዋ የንዑስ ኮሚቴው አባል ይሆናሉ ተብለው «እሺ፣ እስከዚያ ባሌን ማን ይሸከምልኝ?» ብለዋል። ጥያቄው ለንዑስ ኮሚቴው ተመርቷል።

3. ያልተያዘ አጀንዳ፦ ጥሩምባ

ልክ 4፡25 ላይ ከመንገዱ የጥሩምባ ድምፅ ተሰምቷል። ኮሚቴው በጥሩምባው ላይ ላለመወያየት ወስኖ ውይይቱን ቀጥሏል። ጥሩምባውም ቀጥሏል። በመጨረሻ የሰባት ቁጥር ሾፌር ላቡ በግንባሩ እየወረደ ገብቶ፣ መንገዱን የዘጋው ነጭ መኪና የማን እንደሆነ ጠይቋል።

ሰብሳቢው መኪናው የእሳቸው መሆኑን፣ ነገር ግን አጀንዳ ላይ ስለሆኑ ከአዳራሹ መውጣት እንደማይችሉ አስረድተዋል።

ሾፌሩ፦ «ጌታዬ፣ ሠላሳ አንድ ሰው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሏል። ቁልፉን ስጡኝና እኔ ፈቀቅ ላድርጋት።»

የመሬት ኃላፊዋ መኪናው ከመነሣቱ በፊት የሚያርፍበት መሬት አጠቃቀም ሊታወቅ እንደሚገባ አሳስበዋል። የመኪና ማቆሚያ ኃላፊው በአካባቢው ክፍት ቦታ እንደሌለ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን መኪና አንሡ የሚል ሐሳብ ያለው ሰው ቢኖር ደግሞ ከወዲሁ እንዲያስብበት ገልጸዋል። የትራንስፖርት ኃላፊው የአንድ መኪና ፈቀቅ ማለት በጠቅላላ የትራፊክ ፍሰቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ በበጋም በክረምትም ሊጠና ይገባል ብለዋል። ሾፌሩ ክረምት እስኪገባ ሰዎቹን ምን እንደሚያበላቸው ጠይቆ፣ ጥያቄው ከኮሚቴው ሥልጣን ውጭ ሆኖ ተገኝቷል። የመኪና ማቆሚያ ኃላፊው በዚህ መሐል በመስኮት ብቅ ብለው ፊሽካቸውን በመንፋት አውቶብሱ ወደ ኋላ እንዲሄድ አዝዘዋል። ሾፌሩ አጠገባቸው ቆሞ ስለነበር አውቶብሱ አልሄደም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ መኪናው በሦስቱ ክፍሎች ቅንጅት እንዲነሣ በመርህ ደረጃ ተወስኗል። በተግባር ደረጃ ቆሟል።

4. አዳዲስ አባላት

4፡50 ላይ ተሳፋሪዎቹ ሙቀቱ ስለበረታባቸው ሾፌሩን ፍለጋ ተያይዘው ወጥተው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል። በዚህ ሰዓት የስም መቆጣጠሪያው እንደወትሮው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነበር። ተሳፋሪዎቹ የአቤቱታ ፊርማ መስሏቸው ከነሾፌራቸው ሠላሳ ሁለቱም ፈርመዋል። አንድ አባባ ያልመጡ ልጃቸውንም ሊፈርሙ ሲሉ ጸሐፊው በትሕትና ከልክሏቸዋል።

ጸሐፊው የአባላቱ ቁጥር ከአምስት ወደ ሠላሳ ሰባት ማደጉን ለሰብሳቢው ለመጠቆም ሞክሯል። ሰብሳቢው «አታቋርጠኝ» ብለዋል። አላቋረጣቸውም።

ልብስ ሰፊዋ ግን መቆጣጠሪያውን አይተው ነበር። ወዲያው ተነሥተው ፌርማታው ዛሬውኑ እንዲመለስ ሐሳብ አቅርበዋል። ሰብሳቢው እንደ ልማዳቸው ቀና ሳይሉ የሚደግፍ እጁን እንዲያወጣ ጠይቀዋል። ቀና ሲሉ ሠላሳ ሦስት እጅ አይተዋል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ጸሐፊውን ጠይቀው፣ ጸሐፊው የ6ኛውን ስብሰባ ውሳኔ አንብቦላቸዋል። በ33 ድጋፍና በ4 ተቃውሞ ፌርማታው እንዲመለስ ተወስኗል። ልብስ ሰፊዋ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠርገዋል። ጸሐፊውም አንገቱን ደፍቶ ቀኑን በስሕተት ሁለት ጊዜ ጽፏል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ነገር ግን አንዲት አስተማሪ እጃቸውን አውጥተው፣ ፌርማታ ማውጣት እንዲህ ቀላል ከሆነ ትምህርት ቤታቸው በር ላይም አንድ እንዲደረግ ጠይቀዋል። ጸድቋል። ዳቦ ጋጋሪው ለዳቦ ቤታቸው ጠይቀዋል፤ ጸድቋል። አባባ ለመውረጃ አንድ በቤታቸው በር ላይ፣ ለመሳፈሪያ ደግሞ ሌላ አንድ ፀሐይ በማይመታው ማዶ በኩል ጠይቀው ሁለቱም ጸድቀውላቸዋል። ይህን ያዩት ሌሎቹም ሁለት ሁለት መጠየቅ ጀምረዋል። ሁሉም የሁሉንም ይደግፋል፤ ጭብጨባው ከታች ድረስ ይሰማ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ «ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች፣ የተሰጠንንም ታስወስዱብናላችሁ!» ብለው ለምነዋል። የሰማቸው የለም። በሃያ ደቂቃ ውስጥ፣ ስድስት መቶ ሜትር ርዝመት ባለው በዚህ መንገድ ላይ፣ የልብስ ሰፊዋን ጨምሮ ሃምሳ አንድ ፌርማታ ተፈቅዷል።

5. ስለ አውቶብሱ ምንነት

የትራንስፖርት ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ካልኩሌተራቸውን አውጥተዋል። ስድስት መቶ ሜትር ለሃምሳ አንድ ሲካፈል በየአሥራ አንድ ሜትር ከሰባ ስድስት ሳንቲ ሜትር አንድ ፌርማታ ይደርሳል። አውቶብሱ አሥራ ሁለት ሜትር ነው። ስለዚህ ኋላው አንዱን ፌርማታ ሳይለቅ ፊቱ የሚቀጥለው ላይ ደርሷል። ኃላፊው በደስታ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ አውቶብሱ ከእንግዲህ መንቀሳቀስ እንደማያስፈልገው አስታውቀዋል።

የመኪና ማቆሚያ ኃላፊው የማይንቀሳቀስ ተሽከርካሪ በሙሉ በእሳቸው ክፍል ሥር እንደሚወድቅ ገልጸው አውቶብሱን ለመረከብ ጠይቀዋል። የመሬት ኃላፊዋ ጣሪያ ያለው፣ በር ያለው፣ መስኮት ያለው፣ ሰው የሚቀመጥበትና የማይንቀሳቀስ ነገር ሕንፃ እንደሚባል ከመመሪያው አንብበዋል። የመኪና ማቆሚያ ኃላፊው አስበው አስበው ልክ ነዎት ብለዋል። የትራንስፖርት ኃላፊውም ተስማምተዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስቱ ክፍሎች ሲቀናጁ ይህ የመጀመሪያቸው ስለሆነ ተነሥተው ተጨባብጠዋል፤ የመሬት ኃላፊዋ አረንጓዴውን እርሳስ አስቀምጠው ቀዩን አንሥተዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ሰባት ቁጥር አውቶብስ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ሆኖ እንዲመዘገብ ተወስኗል።

ሾፌሩ፦ «ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ አባወራ እንዲሆን ተወስኗል። ሾፌሩ ቤትና ሚስት እንዳለው፣ ለሚስቱም ይህን በምን አፉ እንደሚነግራት ግራ እንደገባው ተናግሯል። ዳቦ ጋጋሪው ደብዳቤ ይጻፍለት ብለው ሐሳብ አቅርበዋል። ጸድቋል።

በዚህ ጊዜ የመሬት ኃላፊዋ መመሪያውን ገልብጠው ከሕንፃ ፊት ለፊት አራት ሜትር ክፍት መሆን እንዳለበት፣ በዚህ ክልል የተገኘ ማናቸውም ነገር ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ እንደሚፈርስ አንብበዋል። ሁሉም በመስኮት ተመልክተዋል። ከሕንፃው ፊት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ የሰብሳቢው ነጭ መኪና ቆሟል።

ሰብሳቢው መኪና እንዴት ይፈርሳል ሲሉ ጠይቀዋል። የመኪና ማቆሚያ ኃላፊው ከበሮቹ መጀመር እንደሚቀል ሙያዊ አስተያየት ሰጥተዋል። በዚህ ላይ የተነገሩት ቃላት ለመዝገብ ስለማይመቹ ታልፈዋል።

6. የሰብሳቢው አስቸኳይ ሐሳብ

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መትተው ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር አዝዘዋል። ጸሐፊው በደንቡ መሠረት የሚሻሩት ውሳኔዎች አንድ በአንድ ይነበቡ እንደሆነ ጠይቋል፤ ሃምሳ ስድስት ደርሰዋል።

ሰብሳቢው፦ «ምን ያንዛዛሃል! ኮሚቴው የወሰነው ሁሉ ተሽሯል ብለህ ጻፍና ገላግለኝ!»
ጸሐፊው፦ «ከየትኛው ጀምሮ ልበል ጌታዬ?»
ሰብሳቢው፦ «ከመጀመሪያው ነዋ! ከመጀመሪያው ጀምረህ!»

ጸሐፊው እንደታዘዘው ጽፎ፣ ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ አንብቧል። ሦስተኛም ሊያነብ ሲል በቃህ ተብሏል።

ተሳፋሪዎቹ ፌርማታዎቻቸው ሊሄዱባቸው በመሆኑ ጉርምርምታ አሰምተዋል። ልብስ ሰፊዋ ግን ጸሐፊውን ለጥቂት ጊዜ ትክ ብለው አዩት። ጸሐፊው ወረቀቱን አየ። ከዚያ እሳቸው ከሁሉ በፊት እጃቸውን አውጥተው፣ ዞር ብለው «አውጡ እጃችሁን፣ ልጆቼ፤ እመኑኝ፣ በኋላ አስረዳችኋለሁ» ብለዋል። ሐሳቡ በ37 ድጋፍና ያለ ምንም ተቃውሞ ጸድቋል። ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ በሙሉ ድምፅ ያለፈ ሌላ ውሳኔ የለም።

ሰብሳቢው እየሮጡ ወርደው መኪናቸውን አንሥተዋል። በበጋና በክረምት ሊጠና የነበረው ሥራ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ አልፈጀም። ሾፌሩ አባወራነቱ ተነሥቶለት ተሳፋሪዎቹን ይዞ ሄዷል። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆመው ስልክ ሲደውሉ ተሰምተዋል፦ «ተነሥ ልበስ። አትጨቃጨቀኝ፣ ልበስ ብዬሃለሁ። በሩ ላይ ነው የምትወርደው። እየጠበቅኩህ ነው።»

7. የፊርማ ሥነ ሥርዓት

ሰብሳቢው ላባቸውን እየጠረጉ ተመልሰው ቃለ ጉባኤው ለፊርማ እንዲነበብላቸው ጠይቀዋል። ጸሐፊው አንብቦ ሲጨርስ፣ ለግልጽነት ያህል፣ «ከመጀመሪያው ጀምሮ» የሚለው 1ኛውን ስብሰባ እንደሚጨምር አስረድቷል።

የትራንስፖርት ኃላፊው፦ «በ1ኛው ስብሰባ ምን ነበር የወሰንነው?»
ጸሐፊው፦ «ፌርማታውን ማንሣት ነበር፣ ጌታዬ። ሌላ ነገር አልተወሰነም።»

 ከዚያ የመኪና ማቆሚያ ኃላፊው መኪናቸው በሕጋዊ ፌርማታ ላይ እንደቆመ ትዝ ብሏቸው ብድግ ብለው ወርደዋል። በራሳቸው መኪና ላይ ፊሽካ ሲነፉና ሲያነሡት ከላይ ተሰምቷል።

ሰብሳቢው የሽረቱ ውሳኔ በአስቸኳይ እንዲሻር ሐሳብ አቅርበው ቆጠራ ተደርጓል፤ ሦስት ሰው ተገኝቷል። አምስት ሰው የሚለው ከመተዳደሪያ ደንቡ የመጣ እንጂ ኮሚቴው የወሰነው ስላልሆነ ከሽረቱ ተርፏል። ጥበቃው እንዲፈርሙ ተጠርተው መጥተዋል። የፈረመ ሁሉ አባል ይሆናል የሚለው ውሳኔም አብሮ መሻሩን ጸሐፊው ሲነግራቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወርደዋል።

ቆጠራው ሦስት ጊዜ ተደግሟል፤ ሁሌም ሦስት ነው። ሰብሳቢው ጸሐፊውን ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው እያወቅህ ነው ወይ ሲሉ ጠይቀውታል። ጸሐፊው ለሦስት ዓመት መዝገብ ቤት ውስጥ የኮሚቴውን ውሳኔዎች ከማንበብ በቀር ሌላ ሥራ እንዳልነበረው መልሷል። ደስ ብሎታልም። የጸሐፊ ደስታ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም የሚል አባል ካለ ምልዓተ ጉባኤ አሟልቶ ያስወጣው።

በመጨረሻ የጸናው ብቸኛ ውሳኔ፦ «ኮሚቴው ከመጀመሪያው ጀምሮ እስከ ዛሬ የወሰነው ሁሉ ተሽሯል።»

አባላቱ በመስኮቱ ላይ እንደቆሙ የሚቀጥለው ሰባት ቁጥር፣ ሾፌሩ ከባልደረባው ወሬውን ሰምቶ፣ መጥቶ ከጣሪያው ሥር ቆሟል። መጀመሪያ ክራንቹ ወርዷል፣ ቀጥሎ አናጢው። ልብስ ሰፊዋ እጃቸውን ሊሰጡት ሲሉ፣ አይ ተይ ብሎ በራሱ ሄዷል። ስብሰባው የተበተነበት ሰዓት እሱ የጤና ጣቢያውን ደፍ ሲረግጥ የተመዘገበው ነው፦ 5፡56። ለቀጠሮው አራት ደቂቃ ቀድሟል።